ባዶ የኬሚካል ዕቃ የት ይጣል? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን፣ ክዳኑ አረንጓዴ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። የላምባ ማስቀመጫ ነው። ከዚያ በፊት የስንዴ አረም መድኃኒት ነበረበት። ማንም አልደበቀውም። እንዲያውም "እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ ከየት ይገኛል" እየተባለ ይመሰገን ነበር። ሞረትና ጅሩ ያደገ ሰው ይህን ጠርሙስ ያውቀዋል። ምንጃር ያደገውም፣ ቀወት ያደገውም የራሱን ያስታውሳል፤ የሚለያየው የክዳኑ ቀለም ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ያጠራቀምኩት ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከልማት ሠራተኛ ጓደኞቼና ከደብረ ብርሃን ወደ አገር ቤት ከሚደውሉ ልጆች ነው። አንዳንዱ መልስ አጭር ነው። አንዳንዱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

መድኃኒቱ አልቋል፣ ዕቃው ባዶ ነው። ምን ጉዳት አለው?

ባዶ አይደለም። የአንድ ሊትር ጠርሙስ ገልብጣችሁ፣ አራግፋችሁ ስትጨርሱም ከታችና ከጎኑ የተለጠፈ ጥቂት ነገር ይቀራል። እንደ ዘይት የሚዝለገለገው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብዙ ይቀራል። 10 ሚሊ ሊትር እንበል፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው የስንዴ አረም መድኃኒት የሚረጨው ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ነው። በዚህ ሒሳብ ያቺ ሁለት ማንኪያ 100 ካሬ ሜትር መሬት ትረጫለች። አንድ ሙሉ ጓሮ ላይ ያለ አረም የሚያደርቅ ነገር "ባዶ" ባላችሁት ጠርሙስ ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ። "መድኃኒት" እንለዋለን። የመድኃኒት ብልቃጥ ደግሞ ታጥቦ ለሌላ ነገር ይሆናል፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። እኔም እዚህ "መድኃኒት" እያልኩ መጻፌ አይቀርም፤ ሰው የሚለው እሱን ነው።

"ሦስት ጊዜ እጠብ" ይባላል። በትክክል እንዴት ነው?

የሚታጠበው እዚያው ማሳው ዳር፣ መርጫው ጀርባ ላይ ሳይወጣ ነው። "ቤት ስገባ አጥበዋለሁ" የተባለ ጠርሙስ አይታጠብም። ቢታጠብም ከደረቀ በኋላ እሺ ብሎ አይለቅም።

ጠርሙሱን መርጫው ውስጥ ገልብጡና ጠብታው እስኪያቆም ያዙት፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ የጠርሙሱን ሩብ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ጨምሩበት። ክዳኑን ግጥም አድርጉና ግማሽ ደቂቃ ነቅንቁት። ውኃውን እዚያው መርጫው ውስጥ ገልብጡት፤ እንደገና እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ። ይህን ሦስት ጊዜ። መርጫው እስከ ልኩ በውኃ የሚሞላው ከዚህ በኋላ ነው። ክዳኑንም አትርሱት፤ በጥርሷ ውስጥ ብዙ ትደብቃለች።

ለምን ሦስት ጊዜ? 10 ሚሊ ሊትር ቀርቷል ብለናል። 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምራችሁ፣ በጥብጣችሁ ስትደፉት ያው 10 ሚሊ ሊትር ጠርሙሱ ላይ ይቀራል፤ በዚያ ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለተኛው እጥበት ወደ 0.015 ይወርዳል። በሦስተኛው የአንድ ሚሊ ሊትር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። "ታዲያ 750 ሚሊ ሊትሩን በአንዴ ጨምሬ ብገላገልስ?" ያለኝ ጎበዝ አለ። ያኔ 0.13 ሚሊ ሊትር ይቀራል። ውኃው ያው ነው፤ የሚቀረው መርዝ ግን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። እኔም ሒሳቡን ሠርቼ እስካየው ድረስ ሦስት ጊዜ የሚባለው የባለሙያ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ገበሬ ላይ የሚሠራው ማስረዳት ግን ይህ አይደለም። "ገንዘብ የከፈሉበትን ነው እኮ የሚጥሉት" ነው። ይቺ ሰው ታስቆማለች።

ያጠብኩበትን ውኃ የት ልድፋው?

መርጫው ውስጥ። ሌላ ቦታ የለውም። ከተረጨ በኋላ መርጫው የታጠበበትም ውኃ በደንብ ቀጥኖ እዚያው የተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ።

ወንዝ ላይ ግን በጭራሽ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ አንድ ቀን ያየሁት አሁንም ፊቴ ላይ አለ። አንድ ልጅ መርጫውን ቦይ ውስጥ አስተኝቶ ያጥባል፤ ውኃው ነጭ፣ ወተት መስሏል። ከሱ ዝቅ ብለው ሃያ እርምጃ ላይ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይቀዳሉ። ልጁ ክፉ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ሰላም ብሏቸዋል።

የበሬሳ ውኃ ወደ ጀማ፣ የጀማ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሮቢና ከሰም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሰሜን ሸዋ ከፍ ያለ አገር ነው። እኛ የጣልነው ከታች ላለ ሰው ይደርሰዋል።

ሦስት ጊዜ ታጥቦ ከጠራ በኋላ ለላምባ ባደርገውስ? ለሚበላ ነገር አይደለም እኮ።

አይሆንም። ፕላስቲኩ ራሱ ጥቂት መጥጦ ይይዛል፤ ቀስ እያለ ይለቃል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዛሬ ላምባ ነው፤ ከርሞ አረቄ ነው፤ ከዚያ ሠርግ ይደርስና ዕቃ ይጠፋና ዘይት ይሆናል። ዕቃ በቤት ውስጥ ሥራ ይቀያየራል፤ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ሁልጊዜ ቤት አይኖርም። ስለዚህ ታጥቦ እንዳበቃ ቂጡን በማጭድ ጫፍ ወይም በሚስማር ውጉት። ሁለት ሦስት ቦታ። የተበሳ ጠርሙስ ማንንም አያጓጓም።

ከምንቸገር ብናቃጥለው አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሐሳቡም ቀና ነው፤ "ልጅ እንዳያነሳው" ብሎ ነው። ችግሩ የማሳ ዳር እሳት ሙቀት አይበቃም። አደገኛ ኬሚካል እንዲያጠፉ ተብለው የሚሠሩ ምድጃዎች ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይግላሉ። ኩበትና የማሽላ አገዳ እዚያ አያደርስም። መርዙ ግማሹ ተቃጥሎ ግማሹ በጭስ ይወጣል፤ ፕላስቲኩና ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አንድ ላይ ሲጨሱ ደግሞ ዳዮክሲን የሚባል ከመጀመሪያው የባሰ ነገር ሊፈጠር ይችላል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ የተከማቸ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ነበር። ዲዲቲን የመሰሉ ማለት ነው። ከእሱ ውስጥ ከሺህ ቶን በላይ የሆነው ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። ጉድጓድ ቆፍሮ ክብሪት መለኮስ የሚበቃ ቢሆን ያን ሁሉ ወጪ ማን ያወጣል?

እሺ፣ ልቅበረውስ?

ሌላ መውጫ ሲጠፋ ብቻ። ታጥቦ የተበሳ መሆን አለበት። ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሜትር የጠለቀ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ የራቀ፣ ጎርፍ የማይሄድበት፣ ወደፊት የማይታረስ ቦታ ይሁን። ቦታው ምልክት ይደረግበት።

ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ግን ቆም በሉ። እነዋሪ፣ ደነባ፣ ያ ሁሉ የጅሩ ሜዳ ዋልካ ነው። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ። ልጆች ሆነን የተቀደደ ከረጢት እዚያ ስንጥቅ ውስጥ መክተት ጨዋታችን ነበር፤ መሬት አፉን ከፍቶ "ስጡኝ" የሚል ይመስላል። ክረምት ሲገባ ይገጥማል። ነገር ግን የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በዚያው ስንጥቅ እየተንዶለዶለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያገኘውንም ይዞ ነው። ደግሞ ዋልካ በየዓመቱ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ውስጡ ይገላበጣል፤ ድንጋይ ወደ ላይ የሚገፋው ለዚህ ነው። የቀበራችሁት ጠርሙስም ከዓመታት በኋላ በማረሻ ጫፍ ብቅ ሊል ይችላል። ዋልካ የዋጠውን ይተፋል።

ለቆራሌ ብሸጠው ምን አለበት?

ቆራሌው ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ይቀላቅለዋል። ተፈጭቶ፣ ቀልጦ ምን እንደሚሆን አታውቁም። በልዋጭ ባልዲ ወይም ሳፋ ሆኖ ተመልሶ ደጃችሁ ሊመጣ ይችላል። የኬሚካል ዕቃ ፕላስቲክ እንደገና የሚሠራበት አገር አለ፤ ለብቻው ተለይቶ፣ ምግብና ውኃ ለማይነካው ነገር ብቻ ነው። ከቆራሌ ጆንያ ውስጥ ማን ይለየዋል?

ሱቅ ላይ በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውስ?

እዚህ ላይ ነው የምቆየው። ከሁሉም የከፋው ዕቃ ኦሪጅናሉ ጠርሙስ አይደለም፤ ሃይላንዱ ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አንድ ጥማድ የስንዴ መሬት ያለው ሰው የሚያስፈልገው ሩብ ሊትር ነው። ሊትር ለምን ይገዛል? "ሩብ ቅዳልኝ" ይላል፤ ነጋዴውም ይቀዳለታል። ነገሩ ትክክል ይመስላል። ግን በመቅዳቱ ምን ጠፋ? በአማርኛ የተጻፈው መመሪያ ጠፋ። የራስ ቅሉ ሥዕል ጠፋ። ታች ያለችው የቀለም መስመር ጠፋች፤ ቀይ ከሆነች እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ጠፋ። ምን ዓይነት እንደሆነም ጠፋ፤ ሐኪም ቤት ቢኬድ ሐኪሙ የሚያነበው የለም። የቀረው ሰው ሁሉ ውኃ የሚጠጣበት ጠርሙስ ነው፤ ውስጡም ጠጅ የመሰለ ቡናማ ፈሳሽ። ከእርሻ የመጣ ሰው ጠምቶት ጨለማ ቤት ሲገባ እጁን የሚዘረጋው ወደዚያ ነው።

ተቀድቶ የሚሸጥ አትግዙ። መፍትሔው ደግሞ ከእኛው ዘንድ ያለ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው፤ አንድ ሊትርም ለአንድ ሄክታር ነው። አንድ አንድ ጥማድ ያላቸው አራት ጎረቤቶች አዋጥተው የታሸገ አንድ ሊትር ይግዙ፤ በአንድ ቀን በወንፈል ይርጩ። ጠርሙሱ አንድ፣ እጥበቱ አንድ፣ የሚጠፋ መመሪያም የለም። ለአጨዳ ወንፈል የሚወጣ ሰው ለርጭት የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

እግረ መንገዴን፦ በቡና ሲኒ የምትለኩ ሰዎች፣ ያ ሲኒ ወደ ረከቦቱ አይመለስም። ለመለኪያ አንድ ጣሳ ለዩ፤ ከመርጫው ጋር እሰሩት።

የሽንኩርትና የቲማቲም መድኃኒት ከረጢትስ? ጠርሙስ አይደለም።

በመስኖ አገር፣ ምንጃርና ቀወት፣ ብዛቱ የሚያስፈራው እሱ ነው። ማንኮዜብ፣ ሪዶሚል፣ ብርማ ከረጢት። በየሳምንቱ የሚረጭ ማሳ ዳር ቆማችሁ ብታዩ መሬቱ ያብለጨልጫል። ነፋስ ያነሳዋል፣ ቦይ ይወስደዋል፣ መክፈቻው ላይ ይከማቻል።

ከረጢቱም ይታጠባል፤ ውኃ ጨምራችሁ፣ አፉን ጨብጣችሁ፣ ነቅንቃችሁ ወደ መርጫው። አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ፤ ሰው ከረጢት ሲከፍት ጥጉን በጥርሱ ይቀድና እንትፍ ይላል። ጥርሱ የነካው መድኃኒት ነው፤ የተተፋችው ቁራጭም ማሳው ላይ ትቀራለች። በምላጭ ወይም በመቀስ ቁረጡ፤ ቁራጩን መልሳችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት። ሁሉንም በአንድ ጆንያ።

የነቀዝ ኪኒን ዕቃ እንደሌላው ይታጠባል?

አይታጠብም! ይህን ለይታችሁ ያዙ። ፎስቶክሲን የሚባለውና መሰሎቹ እርጥበት ሲነካቸው ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃሉ። ዕቃው ውስጥ የቀረ ዱቄት ካለና ውኃ ጨምራችሁ ክዳን ዘግታችሁ ከነቀነቃችሁ ጋዙ ታምቆ አደጋ ያደርሳል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ዕቃው ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሰውና ከብት በማይደርስበት ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቆይቶ ዱቄቱ ኃይሉን ይጨርስ። ከዚያ ይበሳ። ኪኒን የተጨመረበት እህል ያለበት ክፍል ውስጥ ማንም አይተኛ፤ ያልተከፈተውም ከሰው ዓይን ተሰውሮ ተቆልፎ ይቀመጥ። እንዲያውም እህልን ነቀዝ በማያስገባ፣ አየር በማያሳልፍ ከረጢት የማስቀመጥ ዘዴ ስላለ ኪኒኑን ከቤት ማስወጣት የሚቻል ነው።

የማዳበሪያ ጆንያስ?

የሚገርመው፣ በአማርኛ ጆንያውን ራሱን "ማዳበሪያ" ብለነዋል። "ጤፉን በማዳበሪያ አድርገህ አምጣ" እንላለን። ዕቃው ከይዘቱ ስም ወርሷል።

ከፀረ ተባይ ጋር አንድ አይደለም፤ በደንብ ታጥቦ ለጭድ፣ ለኩበት፣ ለከሰል ይሆናል። ለእህል አዲስ ጆንያ ይሻላል። አደጋው ከብት ላይ ነው። የዩሪያ ጆንያ ከብት ይልሳል፤ ጨው ይመስለዋል። ዩሪያ በብዛት ሆዱ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ጆንያው የታጠበበትን ውኃም ከብት እንዳይጠጣው።

ቀለም የተቀባ ዘር ተርፎኛል። አጥቤ ባስፈጨውስ?

አይሆንም። ሮዝ ወይም ቀይ የሆነው መድኃኒት ስለታሸ ነው፤ በማጠብ አይለቅም። ለዶሮም አይሰጥ። ለሚቀጥለው ዘር አስቀምጡት። ከረጢቱም እንደ መድኃኒት ከረጢት ይቆጠር።

ንቦቼ አለቁ። ከዕቃው ጋር ይያያዛል?

ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ሰብሉ ሲያብብ መረጨቱ ነው። ግን ክዳን የሌለው ጠርሙስ ማሳ ዳር ወድቆ ዝናብ ሲያቁር ለንብ የውኃ ገንዳ ነው። በበጋ ንብ ውኃ ፍለጋ የማይገባበት የለም። ባቄላ የቆርምድ በሽታ መጥቶበት የምትረጩ ደጋ ያላችሁ ሰዎች ንብ ያለውን ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ምሽት ላይ ርጩ።

ሰው ቢጠጣው ወይም ቢፈስበት? ወተት ይጠጣ ይባላል።

ወተት መድኃኒቱ አይደለም። በስብ የሚሟሟ መርዝ ከሆነ እንዲያውም ወደ ደም እንዲገባ ሊያግዘው ይችላል። በጣት እንዲያስታውክም አታድርጉት። ሰውነቱ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁ፣ በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት። ከዚያ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ የነርቭ መርዝ ነው፤ ደቂቃ አታባክኑ። ጠርሙሱን ወይም መለጠፊያውን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪም የሚያክመው በስሙ ነው። ሃይላንዱን ያን ያህል የጠላሁት ለዚህም ነው።

ሕግ የለም ወይ? የሚረከበን ማን ነው?

ሕግ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ እግሩ ይደክመዋል።

ቀበሌያችሁ የመሰብሰቢያ ቦታ ካለው እዚያ ውሰዱ። ከሌለው የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ሰው ደጋግሞ የጠየቀው ነገር ሪፖርት ላይ ይገባል። ስትገዙ ደግሞ ነጋዴውን "ባዶውን ትረከበኛለህ?" በሉት። አሁን ይስቅባችሁ ይሆናል። ብራዚል ውስጥ ግን በሕግ ግዴታ ነው፤ ገበሬው ይመልሳል፣ ሻጩ ይረከባል፣ አምራቹ ያስወግዳል። እዚያ ከአሥር የፕላስቲክ ዕቃ ከዘጠኝ በላዩ ይመለሳል። የብራዚል ገበሬ ከእኛ ገበሬ የተለየ ፍጥረት አይደለም። የሚረከበው ስላለ ነው።

ችግሩ የአርሶ አደሩ ግንዛቤ ማነስ ነው አይደል?

ይህን የሚጠይቁኝ የከተማ ሰዎች ናቸው።

ገበሬ መርዝ መሆኑን ያውቃል። ነፋስን ከኋላው አድርጎ ነው የሚረጨው። የተረጨ ማሳ ላይ ከብት አያሰማራም። ንቡ ሲያልቅ ከማን ማሳ እንደመጣ ይናገራል። ይህ ግንዛቤ ካልሆነ ምንድን ነው?

የጎደለው ሌላ ነው። መጀመሪያ ውኃ። ለመርጫው የሚሆነውን ሃያ ሊትር በአህያ ወይም በጀርባ ነው የሚያመጣው፤ ለእጥበት ተጨማሪ ሊትር ይዘህ ና ካልነገሩት አያመጣም። ቀጥሎ ቦታ። "በአግባቡ አስወግድ" ይለዋል መመሪያው፤ አግባቡ የት ነው ያለው? ሥልጠናው ደግሞ በጥር አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል፤ ስንዴው የሚረጨው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስድስት ወር ማስታወሻ ደብተር ውስጥ የተኛ ትምህርት ጭቃ ላይ አይሠራም።

ያልታወቀ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሽታው ከጠፋ መርዙ ጠፋ የሚል እምነት አለ። የወተቱ ነገር አለ። ከሁሉ በላይ ግን የተረጨበትን ልብስ የምታጥበው፣ ጠርሙሱን ለዘይት የምትመርጠው እናት ናት፤ ሥልጠናው ላይ የተቀመጠው አባወራው ነው። ቢያንስ ለዚህ ልማት ሠራተኞቹ መልስ አላቸው፤ ሰንበቴ ላይ፣ ማኅበር ላይ አምስት ደቂቃ ቢለምኑ ሁሉም ሰው እዚያው ነው።

አባቴ ጠርሙሱን አልጥልም አሉኝ። እንዴት ላሳምናቸው?

አትከራከሯቸው። አባት በልጁ ስብከት አይሸነፍም። ቤት ውስጥ ክዳኑ የሚገጥም ጥሩ ዕቃ ስለሌለ ነው ጠርሙሱን የያዙት። ለበዓል ስትሄዱ አንድ አዲስ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ። "አባባ፣ ይቺ ለላምባው ትሁንልዎ" በሏቸው። አሮጌውን ሳይታዩ አውርዱት።

ቤት ውስጥ የተገኘ አሮጌ፣ ያልታጠበ፣ የደረቀ ዕቃ ምን ይደረግ?

አሁን ማጠብ አይጠቅምም፤ የታጠበበት ውኃ የሚገባበት ርጭት የለም። ክዳኑን ግጠሙ፣ በፌስታል ጠቅልሉ፣ ወፍራም ጆንያ ውስጥ ክተቱ፣ አፉን እሰሩ። ላዩ ላይ በከሰልም ቢሆን "መርዝ" ብላችሁ ጻፉ። ከጎተራና ከማድ ቤት ርቆ፣ ዝናብ የማያገኘው፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፤ የሚረከብ እስኪገኝ።

የአያቴን ጠርሙስ ያወረድኩት በጀሪካን ለውጬ ነው። "ያ የድሮው ይሻል ነበር፣ ክዳኑ አያፈስም" አሉኝ እማማ። ጠርሙሱ አሁን አጎቴ ጓሮ ካለች ጎጆ ውስጥ፣ ጆንያ ውስጥ፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ጠርሙሶች ጋር ተቀምጧል። ባለፈው ደውዬ ስጠይቀው "የሚወስድ መጣ እንዴ?" አለኝ።